ድብቅ እስር፣ ማሰቃየትና ከአገር አስገድዶ ማስወጣት፦ ሕጉና የተመዘገቡ ጉዳዮች

ሰውን በድብቅ ማሰር፣ ማሰቃየትና ለሥቃይ ወደሚዳረግበት አገር አስገድዶ መላክ በዓለም አቀፍ ሕግ የተከለከሉ ድርጊቶች ናቸው። ሦስቱ በሕግ ሰነዶች ውስጥ በየራሳቸው አንቀጽ ቢሰፍሩም፣ በተግባር ግን የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች መሆናቸውን በፍርድ ቤቶች፣ በሕግ አውጪ ምክር ቤቶችና በአጣሪ ኮሚሽኖች የተመረመሩ ጉዳዮች ያሳያሉ።

እስሩ በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው ዳኛ ፊት አይቀርብም፤ ቤተሰቡም የት እንዳለ ማወቅ አይችልም። ዳኛና ጠበቃ በማይደርሱበት ሥፍራ የሚፈጸም ማሰቃየት ምስክር አይኖረውም። ታሳሪው ድንበር ተሻግሮ ለሌላ መንግሥት ሲተላለፍ ደግሞ ላኪው «በእኔ እጅ የለም»፣ ተቀባዩም «አላየሁትም» ለማለት ይመቻቸዋል። በዚህ ሁኔታ ሰውየው በሕይወት እያለ ከሕግ ጥበቃ ውጪ ይሆናል።

ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ በአሜሪካ ማዕከላዊ የስለላ ድርጅት (ሲ.አይ.ኤ.) የተካሄደው የድብቅ እስርና የማጓጓዝ መርሐ ግብር በዚህ ረገድ በስፋት ከተመረመሩት መካከል ዋነኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ ከመርሐ ግብሩ ጋር የተያያዙ ጉዳዮች፣ በምሥራቅ አፍሪካ የተከሰተ ተመሳሳይ ጉዳይና አግባብ ያላቸው የሕግ ድንጋጌዎች ቀርበዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሕግ መሠረት

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀው ዲሴምበር 10 ቀን 1984 ሲሆን፣ ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው በጁን 1987 ነው። በአንቀጽ 2 መሠረት ጦርነት፣ የጦርነት ሥጋት፣ የውስጥ ፖለቲካ አለመረጋጋትም ሆነ ሌላ አስቸኳይ ሁኔታ ለማሰቃየት ምክንያት ተደርጎ ሊቀርብ አይችልም። የበላይ አካል ትእዛዝም መከላከያ አይሆንም።

አንቀጽ 3 ማንኛውም አገር አንድን ሰው የማሰቃየት አደጋ ያጋጥመዋል ተብሎ ለመታመን በቂ ምክንያት ወዳለበት አገር እንዳያባርር፣ እንዳይመልስና አሳልፎ እንዳይሰጥ ይከለክላል። አንቀጽ 15 ደግሞ በማሰቃየት የተገኘ ቃል በፍርድ ሂደት በማስረጃነት እንዳይቀርብ ያዛል፤ ከዚህ የሚለየው ቃሉ ድርጊቱን በፈጸመው ሰው ላይ የማሰቃየቱ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ሰዎችን አስገድዶ ከመሰወር የሚጠብቀው ስምምነት በዲሴምበር 2006 ጸድቆ በዲሴምበር 2010 ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ስምምነት ማንም ሰው በድብቅ ሥፍራ እንዳይታሰር በግልጽ የሚከለክል ሲሆን፣ እያንዳንዱ እስር በመዝገብ እንዲሰፍርም ግዴታ ይጥላል።

አፍሪካም በዚህ ረገድ የራሷ ሰነድ አላት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሴፕቴምበር 1969 በአዲስ አበባ የተቀበለው የስደተኞች ስምምነት፣ ማንም ስደተኛ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር በግድ እንዳይመለስ ወይም ከድንበር እንዳይባረር ይደነግጋል።

በምሥጢር የተያዘው መርሐ ግብር

የአሜሪካ መንግሥት ሲ.አይ.ኤ. ከአገር ውጪ የምሥጢር እስር ቤቶች እንዳሉት በይፋ ያመነው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2006 ነው። በዕለቱ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ 14 እስረኞች ከእነዚህ ሥፍራዎች ወደ ጓንታናሞ መዛወራቸውን ገለጹ። ከዚያ አሥር ወራት ገደማ አስቀድሞ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ስለ እስር ቤቶቹ መኖር ዘግቦ የነበረ ሲሆን፣ የአውሮፓ ምክር ቤት መርማሪ ስዊዘርላንዳዊው ዲክ ማርቲም በ2006ና በ2007 ሪፖርቶቻቸው የአውሮፓ አገሮች የነበራቸውን ተሳትፎ ይፋ አድርገዋል።

ስለ መርሐ ግብሩ ዝርዝር ሁኔታ ይበልጥ የታወቀው በዲሴምበር 2014 ነው። የአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ከ6,700 ገጽ በላይ ካለው ጥናቱ ከ500 ገጽ የሚበልጠውን ማጠቃለያ በዚያን ጊዜ አሳትሟል። በሪፖርቱ መሠረት በሲ.አይ.ኤ. እጅ ቢያንስ 119 ሰዎች የታሰሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቢያንስ 26ቱ ድርጅቱ ራሱ ያወጣውን የእስር መስፈርት እንኳ አያሟሉም ነበር። በውሃ የማፈን፣ ለቀናት እንቅልፍ የመከልከል፣ በጠባብ ሣጥን የመዝጋትና መሰል ድርጊቶች መፈጸማቸውን ኮሚቴው ገልጿል። ጉል ራህማን የተባለ አፍጋኒስታናዊ በኖቬምበር 2002 ከካቡል አቅራቢያ በሚገኝ ድብቅ እስር ቤት ከወገቡ በታች ራቁቱን በሰንሰለት እንደታሰረ በብርድ ሕይወቱ ማለፉም ተዘግቧል።

ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ጃንዋሪ 22 ቀን 2009 በሰጡት ትእዛዝ የሲ.አይ.ኤ. የእስር ሥፍራዎች እንዲዘጉ ተደርጓል። በ2015 የወጣ ሕግ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ተቋማት በምርመራ ወቅት በጦር ሠራዊቱ መመሪያ ከተፈቀዱት ዘዴዎች ውጪ እንዳይጠቀሙ አግዷል።

በወረቀት የተሰጠ ዋስትና

አንዳንድ መንግሥታት ሰዎችን አሳልፈው ሲሰጡ ከተቀባዩ አገር «አናሰቃይም» የሚል ማረጋገጫ መቀበላቸውን በመከላከያነት ያቀርባሉ። ዲፕሎማሲያዊ ማረጋገጫ በመባል የሚታወቀው ይህ አሠራር ምን ያህል ዋስትና እንደሚሰጥ የስዊድን ጉዳይ ያመለክታል።

ዲሴምበር 18 ቀን 2001 የስዊድን መንግሥት ጥገኝነት ጠይቀው የነበሩ ሁለት ግብጻውያንን፣ አሕመድ አጊዛንና ሞሐመድ አልዘሪን፣ ከአገር እንዲወጡ ወሰነ። ሁለቱ በዚያው ምሽት ስቶክሆልም በሚገኘው ብሮማ አውሮፕላን ማረፊያ የስዊድን ፖሊሶች ባሉበት ለአሜሪካ የጸጥታ ሠራተኞች ተሰጡ። ልብሳቸው በመቀስ ተቀዶ፣ ፊታቸው ተሸፍኖ፣ እጅና እግራቸው ታስሮ ወደ ካይሮ ተወሰዱ። ስዊድን ከግብጽ መንግሥት ማረጋገጫ ተቀብላ የነበረ ቢሆንም፣ ዲፕሎማቶቿ እስረኞቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኟቸው ከአምስት ሳምንታት በኋላ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ በሜይ 2005 በአጊዛ ጉዳይ ስዊድን የስምምነቱን አንቀጽ 3 መጣሷን ወስኗል። የሰብአዊ መብት ኮሚቴውም በ2006 በአልዘሪ ጉዳይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። የስዊድን መንግሥት በኋላ ለሁለቱም ካሣ ከፍሏል።

የማረጋገጫው ድክመት የተቀባዩ አገር ቃል አለመታመን ብቻ አይደለም። ማረጋገጫው ቢጣስ ጥሰቱን ማጋለጥ የሚጠቅመው መንግሥት የለም። ተቀባዩ አገር ወንጀሉን አያምንም፤ ላኪው አገርም ጥሰቱን ካመነ ሰውየውን በመላኩ እርሱ ራሱ ሕግ መጣሱን ማመን ይሆንበታል። እስረኛውም ጎብኚዎቹ ሲሄዱ ከጠባቂዎቹ ጋር ስለሚቀር የደረሰበትን በነፃነት ለመናገር ይቸገራል።

የተሳሳተ መረጃ ውጤት

ማኸር አራር በሶሪያ የተወለደ ካናዳዊ መሐንዲስ ነው። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 ከቱኒዝያ ወደ ካናዳ ሲመለስ በኒውዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። የካናዳ ዜጋና የካናዳ ፓስፖርት ባለቤት ቢሆንም፣ የአሜሪካ ባለሥልጣናት በኦክቶበር ወር በዮርዳኖስ በኩል ወደ ሶሪያ ላኩት። በዚያም ከአሥር ወራት በላይ መቃብር ከሚያህል ጠባብና ጨለማ ክፍል ውስጥ ታስሮ፣ በኤሌክትሪክ ገመድ እየተገረፈ ምርመራ ተደርጎበታል። ሥቃዩን ለማስቆም ሲል ሄዶበት በማያውቀው አፍጋኒስታን ሠልጥኛለሁ ብሎ እስከማመን ደርሷል።

በዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የተመራው የካናዳ አጣሪ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2006 ባወጣው ሪፖርት አራር ወንጀል ስለመፈጸሙም ሆነ ለካናዳ ጸጥታ አስጊ ስለመሆኑ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ ትክክል ያልሆነ መረጃ ለአሜሪካ አቻው መስጠቱንም አረጋግጧል። በጃንዋሪ 2007 የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁ ሲሆን፣ 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሣ እንዲከፈለው ተደርጓል።

የጀርመን ዜጋ የሆነው ኻሊድ ኤል ማስሪ ደግሞ የስም መመሳሰል ሰለባ ነው። በ2003 የመጨረሻ ቀን በመቄዶንያ ድንበር ላይ ተይዞ በስኮፕዬ ከተማ በአንድ ሆቴል ለ23 ቀናት ከቆየ በኋላ፣ በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ለሲ.አይ.ኤ. ሠራተኞች ተሰጠ። በዚያም ተደብድቦና ተራቁቶ ወደ አፍጋኒስታን ተወሰደ። ለአራት ወራት ያህል ከታሰረ በኋላ በሜይ 2004 አንድም ክስ ሳይቀርብበት በአልባንያ ጭር ባለ መንገድ ላይ ተጥሏል።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት ዲሴምበር 13 ቀን 2012 በሰጠው ፍርድ፣ በስኮፕዬ አውሮፕላን ማረፊያ የተፈጸመው ድርጊት ማሰቃየት መሆኑን ገልጾ መቄዶንያ ኃላፊ ናት ብሏል። ድርጊቱን የፈጸሙት የሌላ አገር ሠራተኞች ቢሆኑም፣ ግዛቷን የፈቀደችውና ሰውየውን ያስረከበችው አገር ከተጠያቂነት እንደማታመልጥ ፍርዱ አረጋግጧል። ፍርድ ቤቱ በዚሁ መርህ በ2014 በፖላንድ፣ በ2016 በጣልያን፣ በ2018 ደግሞ በሩማንያና በሊቱዌንያ ላይ ፈርዷል።

የጣልያኑ ፍርድ አቡ ኦማር በሚል ስም የሚታወቁ ግብጻዊ ኢማም በፌብሩዋሪ 2003 ከሚላን ጎዳና ላይ ተጠልፈው ወደ ግብጽ የተወሰዱበትን ጉዳይ የሚመለከት ነው። ቀደም ሲል በኖቬምበር 2009 የሚላን ፍርድ ቤት በዚሁ ጠለፋ 23 አሜሪካውያንን በሌሉበት ጥፋተኛ ብሏል።

አዲስ አበባ የተወለደው እስረኛ

ከመርሐ ግብሩ ጋር ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች አንዱ ቢንያም መሐመድ ነው። ቢንያም በ1978 በአዲስ አበባ ተወልዶ በ1994 ወደ እንግሊዝ በመሄድ ጥገኝነት ጠየቀ። በኤፕሪል 2002 ፓኪስታን ውስጥ በካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ከተያዘ በኋላ በጁላይ ወር ወደ ሞሮኮ መወሰዱን፣ በዚያም ለ18 ወራት ገደማ ታስሮ ሰውነቱ በስለት እየተቆረጠ መሰቃየቱን ተናግሯል። በ2004 መጀመሪያ ወደ አፍጋኒስታን፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ደግሞ ወደ ጓንታናሞ ተዛወረ። የቀረበበት ክስ በኦክቶበር 2008 ተነስቶ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2009 ወደ እንግሊዝ ተመልሷል።

በኖቬምበር 2009 የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ግላዲስ ኬስለር የሌላ እስረኛ ጉዳይ ሲመረምሩ ቢንያም ስለደረሰበት ሥቃይ የሰጠውን ቃል ተአማኒ ሆኖ አግኝተውታል። በመሆኑም በምርመራ የሰጠው ቃል በሌላው ሰው ላይ በማስረጃነት እንዳያገለግል አድርገዋል። በፌብሩዋሪ 2010 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት መንግሥት እንዳይታተሙ የተከራከረባቸው ሰባት አንቀጾች ይፋ እንዲሆኑ ወሰነ። አንቀጾቹ ቢንያም ሆን ተብሎ እንቅልፍ ይከለከል እንደነበር የእንግሊዝ የጸጥታ ተቋም ያውቅ እንደነበር ያመለክታሉ። በኖቬምበር 2010 የእንግሊዝ መንግሥት ኃላፊነቱን ሳያምን ከቢንያምና ከሌሎች የቀድሞ እስረኞች ጋር በካሣ ተስማምቷል።

በአሜሪካ ግን ክሶቹ የተለየ ውጤት ገጥሟቸዋል። ቢንያምና ሌሎች አራት ሰዎች የበረራውን ዝግጅት አድርጓል ባሉት ኩባንያ ላይ የመሠረቱት ክስ «የመንግሥት ምሥጢር ይወጣል» በሚል ምክንያት በሴፕቴምበር 2010 በ6 ለ5 የዳኞች ድምፅ ተዘግቷል። የኤል ማስሪ ክስም በተመሳሳይ ምክንያት ውድቅ የተደረገ ሲሆን፣ የአራር ክስም በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ተቀባይነት አላገኘም። በየጉዳዩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታውን ለማየት አልተቀበለም።

በምሥራቅ አፍሪካ የተከሰተው

ተመሳሳይ ጥያቄ በምሥራቅ አፍሪካም ተነስቷል። በ2006 መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦር ሠራዊት በሶማሊያ ከእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ጋር ባካሄደው ውጊያ ወቅት፣ ወደ ኬንያ ከሸሹ ሰዎች በርካቶቹ በድንበር ላይ ተይዘዋል። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች እንደዘገቡት በ2007 የመጀመሪያ ወራት ኬንያ ከ80 በላይ ሰዎችን፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በአውሮፕላን ወደ ሶማሊያ የላከች ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ተዛውረዋል። ቤተሰቦቻቸው ለሳምንታት የት እንዳሉ አላወቁም ነበር።

የኢትዮጵያ መንግሥት በሽብር የጠረጠራቸውን 41 ሰዎች መያዙን በኤፕሪል 2007 አስታውቋል። ከታሳሪዎቹ አብዛኞቹ በኋላ የተለቀቁ ሲሆን፣ ካናዳዊው ባሽር ማክታል ግን በ2009 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት በኤፕሪል 2018 ከእስር ወጥቷል። የመብት ድርጅቶቹ ዋነኛ ቅሬታ ሰዎቹ ከኬንያ ከመውጣታቸው በፊት ጉዳያቸው በዳኛ አለመታየቱና በየደረሱበት የተያዙበት ሁኔታ በወቅቱ አለመገለጹ ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ የሚያስቀምጠው ድንጋጌ ግልጽ ነው። አገሪቱ በ1994 የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱ አባል ሆናለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ይኖርበታል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 21 እስረኛው ከቤተሰቡ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 28 ደግሞ አስገድዶ መሰወርንና ማሰቃየትን ጨምሮ በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይደነግጋል።

የጸጥታው መከራከሪያ

ድብቅ እስርን የሚደግፉ ወገኖች ድርጊቱ ሕይወት የሚያድን መረጃ ያስገኛል ሲሉ ይከራከራሉ። ሽብርተኝነት ንጹሃንን የሚፈጅ ወንጀል በመሆኑ መንግሥታት ዜጎቻቸውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን ኢብን አል ሼክ አል ሊቢ የተባለ እስረኛ በ2002 ወደ ግብጽ ተልኮ በሥቃይ ውስጥ ኢራቅ አልቃይዳን አሠልጥናለች ሲል የሰጠው ቃል፣ በፌብሩዋሪ 2003 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ለጸጥታው ምክር ቤት ባቀረቡት ማስረጃ ውስጥ ተካቷል። እስረኛው በ2004 ቃሉን ሲያነሳ ጦርነቱ ከተጀመረ ቆይቶ ነበር።

ማሰቃየት የወንጀል ተጎጂዎችንም ፍትሕ ያሳጣል። በኦክቶበር 2000 በኤደን ወደብ በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ በደረሰው ጥቃት 17 መርከበኞች ሞተዋል። በዚህ ጥቃት የተከሰሰው አብድ አል ራሂም አል ናሺሪ የሰጠው የእምነት ቃል የሥቃይ ውጤት ነው በሚል በኦገስት 2023 በወታደራዊ ዳኛ ውድቅ ተደርጓል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ጥቃቱ ከተፈጸመ ከ22 ዓመታት በኋላም ፍርድ አላገኙም ነበር።

ሰንሰለቱ የሚሰበርበት

ከላይ የተጠቀሱት ጉዳዮች መከላከያው ውስብስብ አለመሆኑን ያመለክታሉ። የመጀመሪያው የተያዘ ሰው ስም፣ የተያዘበት ሰዓትና ሥፍራ፣ ያዘዘው ባለሥልጣን ማንነት በመዝገብ መስፈሩና ለቤተሰቡ መገለጹ ነው። ሁለተኛው በአጭር ጊዜ ዳኛ ፊት መቅረቡና ከጠበቃ ጋር መገናኘቱ ነው። ሦስተኛው፣ ከአገር እንዲወጣ የተወሰነበት ሰው ውሳኔው ከመፈጸሙ አስቀድሞ ነፃ ፍርድ ቤት ይግባኙን ሊመለከትለት ይገባል። አራተኛው ደግሞ ገለልተኛ አካላት እስር ቤቶችን ሳያሳውቁ መጎብኘት መቻላቸው ነው።

ከእነዚህ በቅደም ተከተል ወሳኙ ሦስተኛው ነው ሊባል ይችላል። አጊዛ፣ አራርና ኤል ማስሪ አውሮፕላን ላይ ከመሳፈራቸው በፊት ስጋታቸውን የሚመለከት ዳኛ አላገኙም። ካሣው፣ ይቅርታውና ፍርዱ የመጡት ከዓመታት በኋላ፣ ሥቃዩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። በመሆኑም የሕጉ ጥበቃ ትርጉም የሚኖረው ሰውየው ገና በአገሪቱ ምድር ላይ እያለ ተፈጻሚ ሲሆን ነው።